ደም ምን ይመሰክራል?

ከጋፋት ደብረ ታቦር ሩቅ አይደለም። እንበልና አንዲት እናት የ10 ዓመት ልጇን ይዛ በጠዋት ከጋፋት ተነሥታ ሆስፒታል ደረሰች። ልጁ ከሦስት ሳምንት በፊት ጉሮሮውን አሞት ነበር፤ «ቶንሲል ነው» ተብሎ ትኩስ ትኩስ ሲጠጣ ሰንብቶ ተሻለው። አሁን ግን ቀኝ ጉልበቱ አበጠ። እሱ ቀለል ሲል ግራ ቁርጭምጭሚቱን ያዘው። ሰውነቱ ይግላል፤ ትንሽ ሲሮጥ ይደክመዋል። ሐኪሙ መርምሮት ሲያበቃ ወረቀት ሞልቶ ላብራቶሪ ላካቸው። ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ተጽፏል፦ ኢ.ኤስ.አር፣ ሲ.አር.ፒ እና ኤ.ኤስ.ኦ። ውጤቱ ሲመጣ የእናትየው ጥያቄ አንድ ነው።

«ዶክተር፣ ምን ተገኘበት?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ስለ ወባ እንደሚሰጠው መልስ ቀላል አይሆንም። ወባ ሲሆን ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ተውሳኩን ራሱን ያየዋል፤ ሌባው እጅ ከፍንጅ ተያዘ ማለት ነው። በእነዚህ ሦስት ምርመራዎች ግን የሚያዝ ሌባ የለም። የሚጠራው ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ያየውን ይናገራል እንጂ አይፈርድም።

እንዲህ ያሉትን የደም ምስክሮች ሕክምናው ባዮማርከር ይላቸዋል፤ በአማርኛ ጠቋሚ ልንላቸው እንችላለን። በሰውነት ውስጥ የሚካሄደውን ከውጭ ሆነን እንድናውቅ የሚረዳን፣ ሊለካ የሚችል ምልክት ሁሉ ጠቋሚ ነው። የማይጠቅምበት በሽታ የለም ማለት ይቻላል። ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ግን ጠላት ከውጭ ባልመጣበት፣ ሰውነት ራሱን በሚጎዳበት ሕመም ላይ ነው።

ውሻው ጥጃውን ሲነክስ

የበሽታ መከላከያችንን እንደ ግቢ ውሻ እናስበው። ሥራው ጅብ ማባረር ነው። ብዙ ጊዜም ሥራውን ይሠራል። አንዳንዴ ግን ሁለት ዓይነት ስሕተት ይደርሳል።

በመጀመሪያው ስሕተት ውሻው የራሱን ግቢ ጥጃ ከጅብ ያምታታዋል። ሽታውን ለይቶ ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ጥጃው ባለፈ ቁጥር ይነክሰዋል። ይህ ኦቶኢሚዩን የሚባለው ሕመም ነው። ሰውነት አንቲቦዲ የተባሉትን ፀረ በሽታ ፕሮቲኖች በራሱ መገጣጠሚያ፣ በራሱ እንቅርት ዕጢ ወይም በራሱ ቆሽት ላይ ይሠራል። በሁለተኛው ስሕተት ግን ውሻው የለየው ሽታ የለም። ማንም ሳይመጣ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፤ ያገኘውን ይዘነጥላል፤ ደክሞት ይተኛል፤ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ይነሣል። ይህ ኦቶኢንፍላማቶሪ የሚባለው ነው፤ ሰውነት ያለ ምክንያት የሚቆጣበት ሕመም።

ልዩነቱ ለምርመራው ወሳኝ ነው። በመጀመሪያው ዓይነት የተያዘውን ሽታ፣ ማለትም በራስ ላይ የተሠራውን አንቲቦዲ፣ በደም ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። በሁለተኛው ግን የሚፈለግ አንቲቦዲ ስለሌለ የሚለካው ጩኸቱ ብቻ ነው።

ከሩቅ የሚታይ ጭስ

በልጁ ወረቀት ላይ ካሉት ሦስቱ ሁለቱ ጩኸቱን የሚለኩ ናቸው። ኢ.ኤስ.አር ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ምርመራ ነው። ደሙ እንዳይረጋ ከሚያደርግ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ በቀጭን ቱቦ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከ1 ሰዓት በኋላ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረዱ ይነበባል። ሰውነት ሲቆጣ ጉበት ፋይብሪኖጅን የተባለውን ፕሮቲን ያበዛል። ያን ጊዜ ቀይ ሕዋሳቱ ሞሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ እየተነባበሩ ይጣበቃሉ፤ ሲነባበሩ ይከብዳሉ፤ ሲከብዱ ቶሎ ይወርዳሉ። ቁጥሩ የሚጨምረው በዚህ ነው።

ሲ.አር.ፒም ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 በኒውዮርክ ሮክፌለር ተቋም የሳንባ ምች በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ ተገኘ። ከኢ.ኤስ.አር ይልቅ ፈጣን ነው፤ ሰውነት መቆጣት በጀመረ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል፤ ቁጣው ሲበርድ በቀናት ውስጥ ይወርዳል። ኢ.ኤስ.አር ግን ሕመሙ ካለፈ በኋላም ለሳምንታት ከፍ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ሕክምናው መሥራቱን ቶሎ ማወቅ የፈለገ ሐኪም ሲ.አር.ፒን ደጋግሞ የሚያዝዘው ለዚህ ነው።

የሁለቱም ድክመት አንድ ነው። በ1850ዎቹ የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ በጋፋት ሲቀልጥ ከደብረ ታቦር ኮረብታ ሆኖ ወደዚያ የተመለከተ ሰው ጭሱን ሊያይ ይችል ነበር። ምድጃው ውስጥ ያለው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ይሁን ተራ ብረት ግን ከጭሱ አያውቅም። ኢ.ኤስ.አርና ሲ.አር.ፒም እሳት መኖሩን ይናገራሉ እንጂ ምን እንደሚነድ አይናገሩም። ሳንባ ነቀርሳ ከፍ ያደርጋቸዋል፤ የሳንባ ምችም፣ ያመረቀዘ ቁስልም እንዲሁ። ኢ.ኤስ.አር ደግሞ በደም ማነስ፣ በእርግዝናና በዕድሜ መግፋት ብቻ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ «ኢ.ኤስ.አርህ 50 ነው» የሚል ወረቀት ብቻውን የበሽታ ስም አይሆንም።

ጉሮሮ ላይ ጀምሮ ልብ ላይ የሚጨርስ

ሦስተኛው ምስክር ኤ.ኤስ.ኦ የሚያውቀው ነገር ጠባብ ነው፤ የሚያውቀውን ግን በደንብ ያውቃል። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው የጉሮሮ ባክቴሪያ ስትሬፕቶላይሲን ኦ የሚባል መርዝ ይረጫል፤ ሰውነት በዚህ መርዝ ላይ አንቲቦዲ ይሠራል። ኤ.ኤስ.ኦ የዚያ አንቲቦዲ ልክ ነው። ከጉሮሮው ሕመም አንድ ሳምንት ገደማ በኋላ መጨመር ይጀምራል፤ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ጊዜ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ልጁ ሆስፒታል ሲመጣ ጉሮሮው ድኗል፤ ባክቴሪያውን ከጉሮሮው መፈለግ ብዙ ጊዜ ባዶ እጅ ያስመልሳል። ኤ.ኤስ.ኦ ያን ጊዜ «አዎ፣ በቅርቡ እዚህ ነበር» የሚል ምስክር ነው።

ይህ ለምን አስፈለገ? የባክቴሪያው አንዱ ፕሮቲን ከልብ ጡንቻና ከልብ ቫልቭ ፕሮቲኖች ጋር ይመሳሰላል። በባክቴሪያው ላይ የተነሣው ሠራዊት ሁለቱን ማምታታት ይችላል፤ ጅቡን አባርሮ ሲመለስ ጥጃው ላይ ያርፋል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ከመገጣጠሚያ መገጣጠሚያ የሚዞር እብጠትና ትኩሳት ይመጣል። የጉልበቱ እብጠት ጠባሳ ሳይተው ያልፋል። የልቡ ግን ላያልፍ ይችላል፤ ቫልቩ ይጠባል ወይም መገጠም ያቅተዋል። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው፤ በሀገራችን ወጣቶችን ከሚያጠቁ የልብ ሕመሞች ቀዳሚ ነው። ጅማ ላይ በልብ አልትራሳውንድ በተደረገ የተማሪዎች ምርመራ ከ1,000 ተማሪዎች 30 በሚያህሉት ላይ ተገኝቷል። አብዛኞቹ መታመማቸውን አያውቁም ነበር።

ሩማቲክ ትኩሳትን ብቻውን የሚያረጋግጥ አንድ የደም ምርመራ እስካሁን የለም። ሐኪሞች የሚጠቀሙት እ.ኤ.አ. በ1944 ጆንስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የጀመረውን መስፈርት ነው፤ ምልክቶችና ምስክሮች ተደምረው የሚመዘኑበት ሚዛን ማለት ነው። ይህ መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሻሻል አንድ ትልቅ ነገር ተጨመረበት። በሽታው እምብዛም በማይታይበት አገር ኢ.ኤስ.አር ዋጋ የሚያገኘው 60 ሲደርስ ነው፤ በሽታው በተስፋፋበት አገር ግን 30 ይበቃል። አንድ ዓይነት ቁጥር የያዙ ሁለት ልጆች፣ አንዱ በስቶክሆልም ሌላው በደብረ ታቦር፣ ሁለት የተለያየ ፍርድ ሊያገኙ ይችላሉ። ይህ አድልዎ አይደለም። ጅብ በበዛበት አገር ውሻ ሲጮህ ቶሎ መነሣት ብልህነት ነው።

ቶንሲል ሲደጋግም «እንጥሉን እናስቆርጠው» የሚሉ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ግን ሊያመጣ ይችላል። በስትሬፕቶኮከስ ለተነሣ የጉሮሮ ሕመም በጊዜው የሚሰጥ ፔኒሲሊን ግን ታሪኩን ገና ጉሮሮ ላይ ያስቆመዋል።

ቁርጥማት አንድ ስም፣ ብዙ በሽታ

በእኛ አካባቢ መገጣጠሚያ የሚያም ነገር ሁሉ ቁርጥማት ወይም ሪህ ነው። ላብራቶሪው ግን ስሞቹን ለመለየት የተለያየ ምስክር አለው። የእግር አውራ ጣት መገጣጠሚያ በአንድ ሌሊት እንደ ፍም ቀልቶ ካደረ ዩሪክ አሲድ ይለካል። እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሕመሙ ባየለበት ሰዓት ዩሪክ አሲድ ትክክለኛው ልክ ላይ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱም እጆች ላይ ያሉ ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ለሳምንታት ካበጡ፣ ጠዋት ጠዋትም ጣት አልታዘዝ ካለ፣ ሩማቶይድ ፋክተርና አንቲ ሲ.ሲ.ፒ ይታዘዛሉ። ከሁለቱ ሩማቶይድ ፋክተር ወሬ ይቀናዋል፤ በሳንባ ነቀርሳ፣ በሥጋ ደዌ፣ በጉበት ቫይረስ የተያዘ ሰውም ደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። አንቲ ሲ.ሲ.ፒ ይበልጥ ቃሉ የሚታመን ነው፤ መገጣጠሚያው መጎዳት ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት እንኳ ሊታይ ይችላል።

ከሁሉ የበለጠ ሰውን የሚያስደነግጠው ኤ.ኤን.ኤ ነው። ሉፐስ ለተባለው፣ ቆዳን፣ ኩላሊትንና መገጣጠሚያን ለሚያጠቃው ሕመም የሚፈለግ ምስክር ነው። ሉፐስ ያለበት ሰው ሁሉ ኤ.ኤን.ኤው ፖዘቲቭ ነው ቢባል ከእውነት ብዙ አይርቅም። የተገላቢጦሹ ግን አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ደማቸው 40 ጊዜ ቀጥኖ የተመረመረ ጤነኛ ሰዎች ከመቶ 32 ያህሉ ፖዘቲቭ ሆነዋል፤ 160 ጊዜ ሲቀጥን ደግሞ ከመቶ 5ቱ። ስለዚህ «ኤ.ኤን.ኤ ፖዘቲቭ» ከሚለው ቃል ጎን ያለውን ቁጥር ሳያዩ መደንገጥ ተገቢ አይደለም። ምልክት የሌለበትን ሰው በዚህ መመርመርም በግቢው ጥፋት ሳይኖር ምስክር መሰብሰብ ነው።

እንቅርትም ሌላው ምሳሌ ነው። በደጋው አገር ዋናው መንሥኤ የአዮዲን እጥረት ስለነበረ እንቅርት የታየበት ሰው ሁሉ «ጨው ይቀየርለት» ይባል ነበር። አንዳንዱ ሰው ግን ሰውነቱ በራሱ ዕጢ ላይ አንቲቦዲ ሠርቶበታል። ለእሱ አዮዲን ብቻ መጨመር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሊሆንበት ይችላል። ቲ.ኤስ.ኤች የዕጢውን ሥራ ይናገራል፤ አንቲ ቲ.ፒ.ኦ የሚባለው ደግሞ ጥቃቱ ከውስጥ መሆኑን ይጠቁማል።

የጎንደሩ መዝገብ

ጠቋሚ ምን ሊያደርግ፣ ምንስ ሊያሳስት እንደሚችል የሚያሳይ ታሪክ እዚሁ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ አለ። ጉዳዩ የስኳር በሽታ ነው።

በመማሪያ መጻሕፍት እንደተጻፈው የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ኦቶኢሚዩን ነው፤ ሰውነት ኢንሱሊን የሚሠሩትን የቆሽት ሕዋሳት ያጠፋል፤ ብዙ ጊዜም በሕፃንነት ይጀምራል። ወደ ጎንደር ሆስፒታል የሚመጡት ታማሚዎች ግን ሌላ መልክ ነበራቸው፦ የገጠር ወጣት ገበሬዎች፣ ቁመታቸው ያጠረ፣ ሰውነታቸው የቀጠነ፣ በችግር ያደጉ። ያለ ኢንሱሊን አይኖሩም፤ ግን የመጽሐፉን ታማሚ አይመስሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር የሚል ክፍል ነበረው፤ በ1999 ግን ሰረዘው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሽታዬ ዓለሙ የተባሉት የጎንደር ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጽሑፍ ይህ የተዘጋ መዝገብ እንደገና ሊከፈት ይገባ እንደሆነ ጠየቁ።

መዝገቡ ሲከፈት ምስክሮቹ ተጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ጥናት ሕመሙ በ35 ዓመታቸው ወይም ከዚያ በፊት የጀመራቸው 236 የአማራ ታማሚዎችና 200 ጤነኞች ተመረመሩ። የመጀመሪያው ምስክር ሲ ፔፕታይድ ነበር። ቆሽት ኢንሱሊንን ሲሠራ ከአንድ ረጅም ፕሮቲን ላይ ቆርጦ ያወጣዋል፤ የተቆረጠው ቁራጭ ሲ ፔፕታይድ ይባላል። በመርፌ የሚወሰድ ኢንሱሊን ይህ ቁራጭ የለውም። አውድማ ላይ የቀረው ገለባ ምን ያህል እህል እንደተወቃ እንደሚናገር፣ ሲ ፔፕታይድም ታማሚው መርፌ እየወሰደ እንኳ የራሱ ቆሽት ምን ያህል እንደሠራ ይናገራል። የታማሚዎቹ ገለባ ትንሽ ነበር፤ ግን ጨርሶ አልጠፋም።

ቀጥሎ የቆሽት አንቲቦዲዎች ተፈለጉ። ሕመሙ በ15 ዓመት ወይም ከዚያ በፊት ከጀመራቸው ከመቶ 86ቱ ቢያንስ አንድ አንቲቦዲ ተገኘባቸው። ከ16 እስከ 25 ዓመት ባሉት ላይ 60 ገደማ፤ ከ26 እስከ 35 ባሉት ላይ ግማሹ። በዘረ መላቸው ውስጥም የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱን የሚቆጣጠረው ክፍል ከሕመሙ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ስለዚህ መልካቸው ከመጽሐፉ ቢለይም የብዙዎቹ ሕመም ኦቶኢሚዩን ነበር። ሰውነታቸው መክሳቱና ድህነታቸው ብቻ ታይቶ ቢፈረድ ኖሮ ፍርዱ ይሳሳት ነበር።

ከታላላቆቹ ግማሽ ያህሉ ላይስ ምንም አንቲቦዲ አለመገኘቱ ምን ይናገራል? አንቲቦዲ ከጊዜ ብዛት ሊጠፋ ይችላል፤ ሌላ መንገድም ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ተቀብሎታል። ሁለቱም ታሪኮች በአንድ ተራራ ሥር ሊኖሩ ይችላሉ። የምስክር አለመገኘት ጥፋት የለም ማለት አይደለም። ይህን የሚያነብ ታማሚ አንድ ነገር ይያዝ፦ የዓይነቱ ስም ምንም ይሁን፣ ኢንሱሊን የታዘዘለት ሰው «አንቲቦዲ አልተገኘብኝም» ብሎ ኢንሱሊኑን ማቋረጥ የለበትም።

አንቲቦዲ የሌለበት ጩኸት

ኦቶኢንፍላማቶሪ ሕመሞች ከኦቶኢሚዩኑ ይልቅ ብርቅ ናቸው። ከሁሉ የታወቀው የሜድትራኒያን ቤተሰባዊ ትኩሳት ነው፤ በአርመኖች፣ በቱርኮች፣ በዐረቦችና በአይሁድ ዘንድ ይበዛል። ትኩሳትና ከባድ የሆድ ሕመም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ በራሱ ይበርዳል፤ ደግሞ ይመለሳል። በጥቃቱ ሰዓት ሲ.አር.ፒ ይሰቀላል፤ ካለፈ በኋላ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ጊዜው ራሱ የምስክርነቱ ክፍል ነው፤ በደህና ቀን የተወሰደ ደም ምንም ላይናገር ይችላል። የሕመሙ ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ1997 ተለይቷል፤ ኮልቺሲን የተባለው የድሮ የሪህ መድኃኒትም ይቆጣጠረዋል።

ወረቀቱ ሲመጣ

ከዚህ ሁሉ ለተራው ሰው የሚጠቅመው ጥቂት ነው። ደም ከመስጠትዎ በፊት የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ ይናገሩ፤ ከፋርማሲ የተገዛ ፕሬድኒሶሎን ወይም የተወጉት መርፌ ቁጣውን አብርዶ ምስክሩን ዝም ሊያሰኘው ይችላል። በቅርቡ የታመሙትን፣ ጉሮሮም ይሁን ወባ፣ አይደብቁ። ውጤቱ ሲመጣ «ፖዘቲቭ» የሚለውን ቃል ብቻ ሳይሆን ቁጥሩንና የጤነኛውን ልክ ይጠይቁ። ወረቀቱን ይያዙት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሐኪሙ የሚያነጻጽረው ከእርሱ ነው። አንድ ቁጥር ከሚናገረው ይልቅ ቁጥሩ የሄደበት አቅጣጫ ብዙ ይናገራል።

ወደ ልጁ እንመለስ። ኢ.ኤስ.አሩ 48፣ ሲ.አር.ፒውም ከፍ ያለ፣ ኤ.ኤስ.ኦውም የጨመረ ነው እንበል። ሐኪሙ ከእነዚህ ጋር የጉልበቱን እብጠት መዞር፣ የሦስት ሳምንቱን የጉሮሮ ታሪክና በጆሮ ማዳመጫው የሰማውን የልብ ድምፅ ደመረ፤ የልብ አልትራሳውንድም አዘዘ። አሁን ለእናትየው የሚሰጠው መልስ አለው።

«እናቴ፣ ደሙ ውስጥ የተገኘ ተሐዋሲ የለም። ደሙ የነገረን በቅርቡ ያ የጉሮሮ ባክቴሪያ ይዞት እንደነበረና ሰውነቱ አሁንም እንደተቆጣ ነው። እርስዎ የነገሩኝ ደግሞ እብጠቱ ከጉልበቱ ወደ ሌላው መገጣጠሚያ እንደዞረ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ ሩማቲክ ትኩሳት ነው። ልቡ ብዙ እንዳይጎዳ በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን ይወጋል፤ ለዓመታት፤ ደህና ቢሆንም።»

እናትየው ከሁሉ የከበዳት የመጨረሻው ቃል ነው፤ ደህና ለሆነ ልጅ መርፌ። ምስክሮቹ የተጠሩት ግን ለዚህ ነበር። ደም የሚመሰክረው ትናንት ስለሆነውና ዛሬ ስላለው ነው፤ የነገውን የሚወስነው እርሷ ከጋፋት በየአራት ሳምንቱ መመለሷ ነው።